ዘጠኝ ግልባጭ

መካነ ሰላም ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። የሚነበብ ማመልከቻ የሚጽፍ ግን አንድ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። መኩራራት ነው የሚል ካለም፣ መኩራራቱም እውነት ነው።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። በጎረምሳነቴ አንድ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ጨውና ሽንብራ እመዝን ነበር። ነጋዴው ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ወረቀት ከደሴ በጆንያ ያስመጣል፤ ጋዜጣው፣ የተማሪ ደብተሩ፣ የተሻረው አዋጅ ሁሉ ተቀላቅሎ ይመጣል። አንድ ዲያቆን ደንበኛ ነበረን። ሽንብራ በገዛ ቁጥር አንድ የፊደል ቤት ከነዘሩ ያሳየኛል። ደግነቱ ሽንብራ ይወድ ስለነበር ሀ ሁን በአንድ ክረምት ጨረስሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስተማረኝም። መጠቅለያውን እያነበብሁ ነው የምጠቀልለው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን ያወቅሁት ከወገቡ በታች ነው፤ ከወገቡ በላይ ያለው በርበሬ ተጠቅልሎበት በየቤቱ ሄዷል። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ሌላው ሰው ሊማር ተሰለፈ፣ እኔ ላስተምር ቆምሁ። ከከተማ የመጣውን ዘማች ራሱን ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ አመስግኖኛል።

መንግሥት ተለውጦ አዲሱ ሥርዓት ከገባ በኋላ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ ግቢ ፊት ለፊት ባሕር ዛፍ ሥር ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። ስሜ የወጣው በግልባጭ ነው። ለማያውቅ ልንገረው። ማመልከቻ ለአንድ መሥሪያ ቤት ይጻፋል፤ ከግርጌው ግን «ግልባጭ» ተብሎ ጉዳዩን ይወቁት የተባሉ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ቅጂ ይደርሳቸዋል። ያኔ ኮምፒዩተር ብርቅ ነው፤ ቅጂው የሚወጣው በካርቦን ነው። ሌላው ጸሐፊ በአንድ ጊዜ ሦስት ወረቀት ይደርባል፤ ሦስተኛው ላይ ፊደሉ ጭጋግ ውስጥ የገባ በግ ይመስላል። እኔ አምስት እደርባለሁ፤ አምስተኛውን ዓይኑ የደከመ ዳኛ ያለ መነጽር ያነበዋል። ክንድ ነው የሚጠይቀው። ስጫን ጠረጴዛው ይንቋቋል። ሁለት ዙር ስጽፍ አሥር ይሆናል፤ አንዱ ዋናው፣ ዘጠኙ ግልባጭ። ከደጎሎ ድረስ በመኪና ተሳፍሮ «ያ ባለ ዘጠኙ የት ነው የሚቀመጠው?» እያለ የሚጠይቅ ሰው ይመጣ ነበር።

የዚያን ጊዜ መንግሥት ሕግ በማውጣት አይታማም። ሴት ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት አትዳርም የሚል ሕግ ወጥቷል። ጠለፋ ወንጀል ነው ተብሏል። ሚስት መደብደብ ወንጀል ነው ተብሏል። በየዓመቱ ማርች ስምንት ሲደርስ የየቢሮው ሰው ነጭ ካናቴራ ለብሶ ሰልፍ ይወጣል። ለእኔም አንድ ዓመት ደርሶኝ ከሁሉ ቀድሜ ለብሼ ወጥቻለሁ፤ አምሮብኝ ነበር። በማግስቱ ግን ካናቴራው ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ የሴቶቹም ጉዳይ አብሮት ተሰጥቶ እዚያው ገመዱ ላይ ይደርቃል።

ባሏ ክንዷን የሰበረባት አንዲት ሴት ነበረች። ክንዷን በነጠላዋ ከአንገቷ ጋር አንጠልጥላ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። እንደ ልማዴ በዘጠኝ ግልባጭ ጻፍሁላት። ሦስት ወር ከቢሮ ቢሮ ተመላለሰች፤ በሄደችበት ሁሉ «ይታያል» አሏት። ክንዷ ጠምሞ ገጠመ። አንድ ቀን ልትሰናበተኝ መጣች፤ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። «ጋሼ፣ ጽሕፈትዎ ግን ያምር ነበር» ብላኝ ሄደች። ያን ጊዜ ምስጋናዋን ተቀበልሁ።

ልጅቱ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚሌኒየሙ በዓል ሊደርስ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በገና ሰሞን። የተማሪ ልብሷን እንደ ለበሰች፣ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ተራዋን ጠበቀች። ከዚያ ቀረብ ብላ፣

«ጋሼ፣ ማመልከቻ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ።

«መጻፉ ነው ወይስ መልሱ?»

«መልሱ።»

«አንቺ ስንት ቀን አለሽ?»

«ሠርጌ ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል።»

ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ ነው፤ እሷ ስምንተኛ ክፍል ስለምትማር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ከቤቷ በሚመጣላት ስንቅ ነው የምትኖረው። አባቷ ማኅበር ላይ ለአንድ ወዳጁ «ልጄ ለልጅህ» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው በገበያ ቀን መጥቶ ይወስዳታል። ስለዚህ ሃያ ሁለት ያለችው ቀን በእውነቱ ዐሥራ አምስት ነው። የምትለምነው ነገር ብዙ አልነበረም፤ ሚኒስትሪ ሳልፈተን አልዳርም ነው የምትለው። ስትናገር አላለቀሰችም። እንዲያውም የሙሽራውን ነገር ስጠይቃት፣ በዓይኗ አይታው እንደማታውቅ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ ደግሞ እንዳቋረጠ ግን አጣርታ እንደ ደረሰችበት ነገረችኝ።

ያን ማመልከቻ እንደ ጻፍሁት ሌላ ጽፌ አላውቅም። ሕጉን ጠቀስሁ፣ የሕጉን መንፈስ ጠቀስሁ፣ ሁለት ምሳሌ ጨመርሁ። ዋናውን ለሴቶች ጉዳይ አድርጌ ግልባጩን ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለቀበሌው፣ ለሁሉም አዳረስሁ። ዘጠኝ። ልጅቱን «አብሽሪ፣ ይህን አንብቦ ዝም የሚል ሰው አልተፈጠረም» አልኋት።

ተፈጥሯል። አራት ቀን ዝም አሉ። በአምስተኛው ቀን ጠረጴዛዬን ትቼ ራሴ ገባሁ።

ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ውስጥ አንዲት ወጣት ሠራተኛ አገኘሁ። ቢሮው ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ተነሥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ እንዳነበበችው፣ ጓደኛዋንም ጠርታ እንዳስነበበች ነገረችኝ። ታዲያ ምን ተደረገ ብላት፣ ለፖሊስ ግልባጭ ስላደረግሁ ፖሊስ እስኪንቀሳቀስ እየጠበቁ እንደሆነ አስረዳችኝ። ወደ ፖሊስ ተሻገርሁ። ተረኛው ማኅደሩን ገልጦ አሳየኝ፤ ወረቀቴ በሥርዓት ታስሯል።

«ዋናው የተጻፈው ለሴቶች ጉዳይ ነው» አለኝ። «እኛ ግልባጭ ነን። ግልባጭ ደግሞ እንድናውቀው ነው። አውቀናል።»

ትምህርት ቢሮም አውቀዋል። ዐቃቤ ሕግም አውቋል። ጤና ቢሮ የልጅቱ ዕድሜ ደሴ ሄዶ መመርመር አለበት አለኝ፤ ለዚያ ደግሞ የፖሊስ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ፖሊስ ደግሞ አውቋል። የቀሩት ስብሰባ ላይ ነበሩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሁሉም ስለ ጽሕፈቴ አመሰገኑኝ። እንደዚያ ቀን ተመስግኜ እንደዚያ ቀን የከፋኝ ጊዜ የለም።

የልጅቱ ቤት አከራይ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሴት ናቸው። ከሐጅ የሚመለሰው ሳይቀር መጀመሪያ የሚሳለመው እሳቸውን ነው። የሆነውን ልነግራቸው ወደ ግቢያቸው ሄድሁ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ግርጌውን በጣታቸው እየነኩ፣ ይህ ሁሉ የተደረደረው ምንድን ነው አሉኝ። ዘጠኙንም አንድ በአንድ አነበብሁላቸው፤ እውነቱን ለመናገር በኩራት ነው ያነበብሁላቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ። ስድሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። «አንዲት ላም ለዘጠኝ እረኛ ሰጥተህ፣ ጅብ ሲበላት ማንን ልትጠይቅ ነው?»

ይህን ነገር እኔም ልደርስበት ተቃርቤ ነበር፤ በአንድ ቀን ነው የቀደሙኝ። ቢሆንም አንገቴን ደፋሁ። የማወራላችሁ ሙያዬ፣ ከደጎሎ ሰው የሚያስመጣው ክንዴ፣ ለዘጠኝ ቢሮ ዘጠኝ ማምለጫ በር ሲከፍት ነው የኖረው። ክንዷ የተሰበረው ሴት ትዝ አለችኝ፤ በጣም ትዝ አለችኝ።

«ወረቀት አንድ፣ ሰው አንድ» አሉ ሴትዮዋ። «እነዚህን ሁሉ የሚያዝዛቸው ማነው?»

የወረዳው ኃላፊ መሆኑን ነገርኋቸው። ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ነው።

«ስብሰባ የሚገባው በየት በር ነው?»

«በዋናው በር ነዋ።»

«እንግዲያ እኛም በር ላይ እንሰበሰባለን።»

ወሎን ለማያውቅ ሰው ዱበርቲ ምን እንደሆኑ መናገር አለብኝ። ለዱዓ የሚሰበሰቡ፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ መንገደኛ ሲወጣ ይመርቃሉ። ሲመርቁ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። እነሱ እየመረቁ አልፎ መሄድ ነውር ነው። አሚን ብሎ የተቀበሉትን ማፍረስ ደግሞ ነውር ብቻ አይደለም፤ ሰው ከዚያ በኋላ የሚደርስበትን ነገር ሁሉ ከዚያ ጋር ነው የሚያያይዘው፤ ፍየሉ ብትታመም እንኳ። የቤት አከራይዋ የዱበርቲዎቹ አለቃ ነበሩ።

አዲሱን ማመልከቻ ለመጻፍ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ረጅም መጻፍ ለእኔ እንደ መተንፈስ ነው፤ አጭር መጻፍ ግን ክንድ ሳይሆን ሌላ ነገር ይጠይቃል። በመጨረሻ እንዲህ ወጣ፦ «ይህች ተማሪ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። በዚህ ወር የመጨረሻው እሑድ ልትዳር ነው። ሕጉ ይከለክላል። ይህን ከእርስዎ በቀር ለማንም አልጻፍንም።» ካርቦኑን ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። ከዚህ የተሻለ አራት መስመር የጻፈ ካለ ያሳየኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ዐሥራ አንድ ዱበርቲ በግቢው በር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተደርድረው ተቀመጡ። ዘበኛው ሊያስነሣ መጣ፤ እናቱ ሦስተኛዋ ሆና ተቀምጣለች፤ ተመለሰ። ባለጉዳዩም ቢሮ የሚከፈትበትን ሰዓት እየጠበቀ ዙሪያውን ቆመ፤ አርባ ሰው ይሆናል። ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤት አልፋ ስትሄድ ከሩቅ ቆማ አየችን። ሂሳብ ፈተና ስለነበረባት መቆየት አልቻለችም። እንዲህ ያለች ልጅ ናት።

የኃላፊው መኪና መጣች፤ በሩ ግን በዱበርቲ ተሞልቷል። መጀመሪያ ሾፌሩ ወርዶ መዳፉን ዘረጋ። ኃላፊው ከውስጥ ሆኖ ጥቂት አየ። የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ዱበርቲ ምን እንደሆኑ እኔ አልነግረውም። ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ቦርሳውን ብብቱ ሥር ከተተ፣ ጎንበስ ብሎ መዳፎቹን ዘረጋ።

«ቤትህ ይሙላ» አሉ አለቃዋ።

«አሚን።»

«ልጆችህ ይደጉልህ።»

«አሚን።»

«ሹመትህ ይርጋ።»

ይህን አሚን ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ አለው፤ ግምገማ ቀርቦ ነበር።

«ዛሬ ወንበርህ ላይ ሳትቀመጥ፣ ለዚህች ተማሪ ልጅ የምትፈርም እጅህ አትታጠፍ፣ አትዛል።»

መዳፎቹን ሊሰበስብ ቃጣው። ግን አርባው ሰው በአንድ ድምፅ አሚን አለ፤ ሾፌሩም አለ፤ ዘበኛውም አለ። እኔ በዚያች ቅጽበት በቀኙ በኩል ቆሜ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ዘርግቼለት ነበር። ቦታውን የመረጥሁት ራሴ ነኝ።

ቆሞ አነበበው። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለሴቶች ጉዳይ አልጻፋችሁም?»

«ይህን አልጻፍንም።»

«ግልባጭስ?»

«የለውም።»

ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና ገልብጦ ግርጌውን አየ። ከዚያ በለሆሳስ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣

«እንግዲያ እኔ ነኛ» አለ።

በመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፎ፣ ፖሊስ ዛሬውኑ ሄዶ እንዲያስቆም ብሎ ዳር ላይ ጻፈና ፈረመ። ጽሕፈቱ መጥፎ ነው፤ ግን ይነበባል። ዱበርቲዎቹ ተነሥተው መንገድ ለቀቁለት። አለቃዋ ጋቢያቸውን እያራገፉ «ያ ረቢ፣ ይህን ለማለት ነው ይህን ያህል ቀን?» ሲሉ ሰማኋቸው።

በማግስቱ ሁለት ፖሊሶች መንደሩ ደርሰው ተመለሱ። የአባትየውን መልስ ግን ማንም አልነገረኝም። የገበያው ቀን መጣ፤ አባትየው ሊወስዳት የቀጠረው ቀን ነው። ልጅቱ ከቤቷ እንዳትወጣ ተነግሯት በዱበርቲ ተከባ ተቀምጣለች፤ ደብተሯን እያነበበች።

ረፋዱ ላይ ረጅም ሰውዬ ዱላውን እንደያዘ ገበያውን ሰንጥቆ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ባለጉዳዮቼ ከመንገዱ ገለል አሉ። እኔ አልተነሣሁም። አንደኛ ፈሪ አይደለሁም፤ ሁለተኛ ጉልበቴ ቶሎ አይታዘዝልኝም።

«የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ጽሕፈቱም የእኔ ነው፣ ሐሳቡም።»

ዱላውን ባሕር ዛፉ ላይ አስደግፎ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ትከሻው ላይ ያለውን ከረጢት ልብ ያልሁት። የሳምንት ስንቅ ነው። ልጁን ሊወስድ የመጣ አባት ስንቅ አይሸከምም። ሰውን በእንዲህ ያለ ነገር ነው የማነበው፤ እሱንም ያስተማረኝ የለም።

«አንድ ግልባጭ ይኖርዎታል?» አለኝ።

ምን ሊያደርግለት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ለወዳጄ ላሳየው። ቃሌን በልቼ አይደለም፣ መንግሥት ከልክሎኝ ነው እንድለው።»

ከዚያ ወሬው ተከፈተለት። ቃሉን ከሰጠበት ከማኅበሩ ቀን ጀምሮ ቆጭቶታል። እናቷን እህል አልወርድልሽ ብሏታል። ግን ለወዳጅ የተሰጠ ቃል እንዴት ይበላል? አንድ ሰው መጥቶ እንዲከለክለው ሲጠብቅ ነበር። የቀበሌውን ሊቀመንበር ለሠርጉ የጠራው ይከለክለኝ ይሆናል ብሎ ነው። ሊቀመንበሩ ግን መርቆ፣ ቁርጥ ይኑር እንጂ እመጣለሁ ብሎት ሄደ። «መንግሥት ራሱ ሠርጌ ላይ ሊበላ ከመጣ፣ ማን ይከልክለኝ?» አለኝ።

በየቢሮው የታሰሩት ወረቀቶች ይህን ሰውም ሲያስጠብቁት ኖረዋል ለካ። ከልካይ አጥቶ ልጁን የሚድር አባት እንዳለ ከመጠቅለያው ውስጥ በአንዱም አላነበብሁም።

የኃላፊው ፊርማ ያለበትን ወረቀት የፖሊሱ መዝገብ ቤት ድረስ ሄጄ አይቼ፣ ቃል በቃል በእጄ ገለበጥሁለት። ፊርማውንም በቃል ገለጽሁት። በሕይወቴ ከጻፍሁት ግልባጭ ሁሉ ሥራ የሠራ እሱ ብቻ ነው። አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ስንቁን አንጠልጥሎ ወደ ልጁ ሄደ። በኋላ እንደ ሰማሁት ዱበርቲዎቹ በር ላይ አስቁመው መጀመሪያ አሚን አስብለውታል።

በዚያው ሳምንት ክንዷ ለተሰበረው ሴት ማመልከቻዋን እንደገና ጻፍሁ። ገጹ አንድ ነው፣ የተጻፈውም ለአንድ ሰው ነው። እሷ ዓረብ አገር ናት፤ የምትፈርምበት ቦታ ክፍት ሆኖ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ስትመጣ ዱበርቲም አሉ፣ በሩም አለ። ሕግ ዐሥራ አንድ አሮጊት በውርጭ ካላስቀመጠ የማይሠራ መሆኑ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ይህንንም ለኃላፊው በአንድ ገጽ ጽፌለታለሁ።

ልጅቱ ሚኒስትሪ ተፈተነች። ክረምቱ አልፎ ውጤቱ ሲመጣ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ማለፏ ደስ ካሰኛት ይልቅ አንደኛ የወጣው ልጅ ያናደዳት ይበልጥ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል በጀመረች በወሩ፣ የመጀመሪያው ማመልከቻዬ መልስ መጣ፤ ያ ባለ ዘጠኝ ግልባጩ። ፖስታው ታሽጓል፣ ማኅተም አለው። ለሴትዮዋም ለልጅቱም እንዲነበብ ብዬ ወደ ግቢያቸው ይዤው ሄድሁ። ልጅቱ ተቀብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ የጋብቻው ጉዳይ በሚመለከተው ክፍል ተጣርቶ መልስ እንዲሰጥበት የተላለፈ መሆኑን እንገልጻለን ይላል። ዱበርቲዎቹ ሳቁ። ሴትዮዋ ጥርስ ስለሌላቸው በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ልጅቱ ግን ገና አልጨረሰችም። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አድርጋ ግርጌው ላይ የተደረደሩትን ግልባጮች በጣቷ እየነካች በጸጥታ ቆጠረች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ከእርስዎ ያንሳሉ። ሰባት ብቻ ናቸው።»